ቅዱስ ቶማስ ሞር፤ የልጅነቱና የትምህርቱ ዘመን

በላቲን ሥርዓት ሰኔ 15 ቀን (ጁን 22) ከጳጳሱ ከቅዱስ ጆን ፊሸር ጋር የሚታሰበው ቅዱስ ቶማስ ሞር በምእመናን ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው በሰማዕትነቱ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ራሱን የአገሩ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ባደረገ ጊዜ ቶማስ ይህን በመሐላ አላጸድቅም በማለቱ በ1535 ዓ.ም. አንገቱን በመጥረቢያ ተቀልቶ ሞተ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1935 ዓ.ም. ቅድስናውን ዐወጁ፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ2000 ዓ.ም. የመንግሥት መሪዎችና የፖለቲካ ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰየሙት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፍርድ ቤቱ ክርክርና ስለ መጨረሻዪቱ ሰዓት ብዙ ተጽፏል። ስለ ልጅነቱና ስለ ትምህርቱ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ለወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ ለምታስተምሩ ሁሉ ይህኛው ክፍል ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለናል፤ ምክንያቱም ቶማስ በወጣትነቱ ለብዙ ዓመታት እግዚአብሔር ወዴት እንደሚጠራው ለይቶ ሳያውቅ፣ በአባቱ ፈቃድና በልቡ ምኞት መካከል ሲጨነቅ የኖረ ሰው ነበር።

የተወለደው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1478 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሚልክ ስትሪት በሚባለው መንገድ ነው። አያቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። አባቱ ጆን ሞር ግን ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ኋላም በንጉሡ ፍርድ ቤት በዳኝነት ለመቀመጥ በቃ። እናቱ አግነስ ስድስት ልጆች ወልዳለች፤ ቶማስ በትውልድ ሁለተኛ፣ ከወንዶቹ ግን የመጀመሪያው ነበር። አባትየው የልጆቹን የልደት ቀን በአንድ አሮጌ የብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ በላቲን ቋንቋ ይመዘግብ ነበርና መዝገቡ እስከ ዛሬ ድረስ ተጠብቆ ይገኛል። ጆን ሞር ጥንቁቅና ቆጣቢ፣ ነገር ግን ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። ከዳቦ ምድጃ ተነሥቶ ወደ ፍርድ ወንበር የወጣ ሰው እንደ መሆኑ መጠን የበኵር ወንድ ልጁ በዚያው መንገድ እንዲከተለው አጥብቆ ይመኝ ነበር። ይህን ምኞቱን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የቶማስ የወጣትነት ታሪክ ከዚህ ምኞት ጋር የተያያዘ ነውና።

ሕፃኑ መጀመሪያ የተላከው ለንደን ውስጥ በቅዱስ እንጦንስ ስም ወደ ተሰየመው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በዚያው ቅዱስ ስም ከሚጠራ የድኾች መጠለያ ጋር የተያያዘ ነበር። መጠለያው ለበጎ አድራጎት የሚያረባቸው አሳማዎች በአንገታቸው ቃጭል ታስሮላቸው በከተማው መንገዶች ላይ ይዘዋወሩ ነበር፤ ሕዝቡም ይመግባቸዋል እንጂ ማንም አይነካቸውም። ከዚህም የተነሣ የሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆች የዚህን ተማሪዎች የእንጦንስ አሳማዎች እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልዱ እንዲህ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ከለንደን ምርጦች አንዱ ነበር። የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ላቲን ነበር፤ ልጆቹ ያነባሉ፣ በቃል ያጠናሉ፣ ግጥም ይገጥማሉ፣ በሰዋስው ጥያቄ ይከራከራሉ። የእኛን አገር የቅኔ ቤት ያየ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። ቶማስ ከዚያ የወጣው በላቲን የሚያስብና የሚቀልድ ልጅ ሆኖ ነው።

ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን አባቱ ከወዳጆቹ ደጅ ጠንቶ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳሳት በጆን ሞርተን ቤት አስገባው። ሞርተን የቤተ ክርስቲያን አባት ብቻ አልነበሩም፤ የንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ቻንስለር፣ ማለት በእኛ አገር አነጋገር ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ስለ ነበሩ ከንጉሡ ቀጥሎ የአገሩ ሥልጣን በእጃቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ካርዲናል ሆነዋል። የጨዋ ልጆችን በታላላቅ ሰዎች ቤት ማሳደግ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የተለመደ ነበር፤ በእኛም አገር ቢሆን የመኳንንት ልጆች በቤተ መንግሥት ሥርዓት ይማሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ቶማስ በቴምዝ ወንዝ ማዶ በላምቤዝ በሚገኘው የሊቀ ጳጳሳቱ ግቢ ከሌሎች ብላቴኖች ጋር ገበታ ያቀርባል፣ እጅ ያስታጥባል፣ እንግዳ ያስተናግዳል። ቆሞ ሲያስተናግድም ይሰማል።

እዚያ ገበታ ላይ የሚሰማው ነገር በማንኛውም ትምህርት ቤት የሚገኝ አልነበረም። ሞርተን በእንግሊዝ መኳንንት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የኖሩ፣ በ1483 ዓ.ም. ሪቻርድ 3ኛ አስሯቸው ከዚያም ወደ ውጭ አገር ሸሽተው የነበሩ፣ የነገሥታትን መውጣትና መውደቅ በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ቶማስ ሲያድግ የሪቻርድ 3ኛን ታሪክ የጻፈ ሲሆን፣ በ1516 ዓ.ም. በታተመው ዩቶፕያ በተባለው ስመ ጥር መጽሐፉ ውስጥም ካርዲናሉን በገበታቸው ላይ አስቀምጦ፣ ድኻ ሌባን በስቅላት መቅጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጉዳይ እንግዶቻቸው ሲከራከሩ በትዕግሥት ሲያዳምጡ ያሳየናል። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ እንኳ ያንን ገበታ አልረሳውም ማለት ነው።

በልደት በዓል በግቢው ውስጥ ተውኔት ይታይ ነበር። ብላቴናው ቶማስ አንዳንድ ጊዜ ሳይታሰብ ከተዋንያኑ መካከል ይገባና ምንም ሳያጠና የራሱን ድርሻ በዚያው ሰዓት ፈጥሮ ይጫወታል፤ ተመልካቹም ከዋናዎቹ ተዋንያን ይልቅ በእሱ ይደሰታል። ይህን የተረኩልን የቶማስ የልጁ ባል ዊልያም ሮፐር ናቸው። ሊቀ ጳጳሳቱም ይህ ገበታ የሚያቀርብ ልጅ ወደ ፊት ድንቅ ሰው እንደሚወጣው አብረዋቸው ለሚመገቡት መኳንንት ደጋግመው ይናገሩ እንደ ነበር ሮፐር ጽፈዋል።

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሞርተን ልጁን ወደ ኦክስፎርድ ላኩት። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና ዐሥራ አራት ገደማ ነው። እዚያ ላቲኑን አጠነከረ፤ ሥነ አመክንዮም ተማረ። አባቱ ግን የሚልክለት ገንዘብ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ልጁ ጫማውን ለማስጠገን እንኳ ወደ አባቱ መጻፍ ነበረበት። ያወጣትን እያንዳንዷን ሳንቲም ደግሞ ይጠየቅባታል። ቶማስ በወቅቱ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም፤ ካደገ በኋላ ግን ይህን የአባቱን ጥብቅነት ያመሰግን ነበር፤ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ በቁማርና በከንቱ ነገር ሊያጠፋው ይችል እንደ ነበር ያምን ነበርና። እኛ በበኩላችን አባትየው ትንሽ ሳያበዛው አልቀረም እንላለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱ ሳይፈጸም አባቱ ከኦክስፎርድ አስወጣው። ለሕግ ሰው የሚያስፈልገው የኦክስፎርድ ፍልስፍና ሳይሆን የለንደን ሕግ ነው ብሎ አሰበ። በለንደን የሕግ ተማሪዎች አብረው የሚኖሩባቸውና ከነባር ጠበቆች የሚማሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ቶማስ ኒው ኢን በተባለው ጀመረ፤ በ1496 ዓ.ም. ደግሞ አባቱ አባል ወደ ነበረበት ወደ ሊንከንስ ኢን ተዛወረ። በሕግ ትምህርቱ ፈጣን ነበር፤ በሃያ ሦስት ዓመቱ ገደማ ጠበቃ ሆኖ ሌሎችን ተማሪዎች ለማስተማርም ተመረጠ። ልቡ ግን በመጻሕፍት ላይ ነበር። የጽርእን ቋንቋ ለመማር፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ለማንበብ ይጓጓ ነበር። ይህን ያየ አባቱ በጣም ተቈጣ፤ ድጋፉን እስከ መከልከልና ከውርስ ሊነቅለው እስከ መቃረብ መድረሱን ወዳጁ ኤራስመስ መስክሯል። ቶማስ አባቱን አልተወም፤ መጻሕፍቱንም አልተወም። ሕጉን ቀን ይሠራል፣ ጽርኡን በቀረው ሰዓት ይማራል። ባለ ሥልጣን ከሆነ በኋላም ሽማግሌ ዳኛ አባቱን በፍርድ ቤቱ ሲያገኘው ተንበርክኮ ቡራኬውን ሳይቀበል አያልፍም ነበር።

ኤራስመስ የተባለው በዘመኑ ከአውሮጳ ሊቃውንት ሁሉ ስሙ የገነነው የኔዘርላንድ ተወላጅ ነው። ወደ እንግሊዝ መጀመሪያ የመጣው በ1499 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሃያ አንድ ዓመቱን ቶማስን ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጠዋል፤ ሆኖም ወዳጅነታቸው እስከ ሞት ዘለቀ። በዚያው ዓመት ቶማስ እንግዳውን ለሽርሽር ብሎ ይዞት ወጣና ኤልተም ወደ ተባለው ቤተ መንግሥት ወሰደው፤ የንጉሡ ልጆች የሚያድጉት እዚያ ነበር። በአዳራሹ መካከል የስምንት ዓመቱ ልዑል ሄንሪ በሙሉ ግርማ ቆሞ ጠበቃቸው። ቶማስ እጅ ነሥቶ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ለልዑሉ አበረከተ። ኤራስመስ ግን ስላልተነገረው ባዶ እጁን ነበር፤ በዚያ ላይ ልዑሉ በማዕድ መካከል ወረቀት ልኮ የእሱንም ብዕር ጠየቀው። ሊቁ በወዳጁ ላይ በጣም ተናዶ ወደ ማደሪያው ተመለሰና ሦስት ቀን ደክሞ ግጥም ጽፎ ላከ። የዚህ ቀልድ ባለቤት ቶማስም ሆነ በአዳራሹ የቆመው ሕፃን ልዑል ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ በመካከላቸው የሚሆነውን አያውቁም ነበር። በ1509 ዓ.ም. ይኸው ልዑል በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሄንሪ 8ኛ ተብሎ ዘውድ ሲጭን ቶማስ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት የላቲን ግጥሞች ደርሶለታል።

ከኤልተም ጉብኝት በኋላ የመጡት ዓመታት ከሁሉ የከበዱ ነበሩ። ቶማስ ሕጉን ሳይተው ከለንደን ቅጥር ውጭ ወደሚገኘው ቻርተርሃውስ ወደ ተባለው የካርቱዝያውያን መነኮሳት ገዳም ተጠጋ። ይህ ማኅበር በ1084 ዓ.ም. በቅዱስ ብሩኖ የተመሠረተ ሲሆን ከምዕራባውያን የምንኩስና ሥርዓቶች ሁሉ እጅግ ጥብቁ ነው። እያንዳንዱ መነኵሴ በራሱ ትንሽ ቤት ለብቻው ይኖራል፤ ምግቡ በግድግዳው መስኮት ይቀበለዋል፤ ሥጋ ፈጽሞ አይበላም፤ በመንፈቀ ሌሊት ተነሥቶ ከወንድሞቹ ጋር ይጸልያል፤ ቀኑንም በዝምታ ያሳልፋል። ቶማስ መሐላ ሳይገባ አራት ዓመት ያህል የእነርሱን ጸሎትና ሥርዓት እየተከተለ ኖረ። እንቅልፉ በሌሊት ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት አይበልጥም ነበር፤ ብዙ ጊዜም በመሬት ላይ ወይም በሳንቃ ላይ ግንድ ተንተርሶ ይተኛ ነበር። ከልብሱ በታች ከጠጉር የተሠራ ማቅ መልበስም የጀመረው በወጣትነቱ ነው።

በዚያው ዘመን በ1501 ዓ.ም. ገደማ ጽርእ ያስተምረው የነበረው ካህን ዊልያም ግሮሲን በሚያገለግሉበት በቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ በቅዱስ አጎስጢኖስ የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፍ ላይ ትምህርት ሰጠ። ዕድሜው ሃያ ሦስት ገደማ የሆነ፣ ክህነት የሌለው ጠበቃ ሲያስተምር የለንደን ሊቃውንትና ካህናት ሊሰሙት ይመጡ ነበር። አጎስጢኖስ በዚያ መጽሐፍ የሚያወሳው ስለ ምድራዊ መንግሥትና ስለ እግዚአብሔር መንግሥት፣ ክርስቲያንም በሁለቱ መካከል እንዴት እንደሚኖር ነው። ወጣቱ መምህር ይህን ርእስ የመረጠው ለአድማጮቹ ብቻ ብሎ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በመጨረሻ መነኵሴ አልሆነም፤ ካህንም አልሆነም። ጋብቻ እንደሚፈልግ፣ ይህም ምኞት እንደማይለቀው በራሱ ላይ አይቶ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ካህን ከመሆን ይልቅ ታማኝ ባል መሆንን እንደ መረጠ ኤራስመስ ጽፏል። የንስሐ አባቱ ኋላ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ የሆኑት ጆን ኮሌት ነበሩ። በዚሁ ጊዜ በ1494 ዓ.ም. በወጣትነቱ የሞተውን የጣልያን ምሁር የፒኮ ዴላ ሚራንዶላን ገድል ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ገዳም ለገባች አንዲት ወዳጁ የአዲስ ዓመት ስጦታ አድርጎ ላከላት። ፒኮ በዓለም እየኖረ በጸሎትና በጥናት የተጋ ሰው ስለ ነበር ተርጓሚው በእርሱ ውስጥ የራሱን መንገድ ይፈልግ እንደ ነበር እናስተውላለን።

እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በየቁምስናችን ዘርዐ ክህነት ገብቶ ወይም ገዳም ሞክሮ የተመለሰ ወጣት ሲገኝ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሰነፈ ይባላል፤ ተባረረ ይባላል፤ እናቱ በጎረቤት ፊት ታፍራለች፤ እሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። የቶማስ አራት ዓመታት እንዲህ ባለ ዐይን ቢታዩ ኖሮ የባከኑ ናቸው በተባለ ነበር። እርሱ ግን ከገዳሙ ሲወጣ የለመደውን ይዞ ወጣ፤ በማለዳ መነሣቱን፣ የመዝሙረ ዳዊት ጸሎቱን፣ ዓርብ ዓርብን ለጸሎትና ለጥናት መለየቱን፣ ማቁንም ጭምር። ቻንስለር በነበረበት ጊዜ ከሐር ልብሱ በታች ማቅ እንዳለ ከልጁ ከማርጋሬትና ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ገና ሳያገባ በ1504 ዓ.ም. ለፓርላማ ተመረጠ። ሮፐር እንደ ተረኩት ንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ለሴት ልጁ ለማርጋሬት ጋብቻ ከባድ ግብር በጠየቀ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ዝም ሲሉ የሃያ ስድስት ዓመቱ ጠበቃ ተነሥቶ ተከራከረ፤ የተፈቀደውም ገንዘብ ከተጠየቀው አነሰ። ጢም ያላበቀለ ልጅ ሐሳቡን እንዳከሸፈበት ለንጉሡ ተነገረው። ልጁ ራሱ የሚወረስ ሀብት ስላልነበረው ንጉሡ ቂሙን በአባቱ ላይ ተወጣ፤ ጆን ሞር ምክንያት ተፈልጎለት ታሰረ፤ አንድ መቶ ፓውንድ እስኪከፍልም ድረስ አልተለቀቀም። ጫማ ለማስጠገኛ ገንዘብ ይቈጥብ የነበረው አባት በልጁ ንግግር ምክንያት ያን ያህል ከፈለ። ያ ቆጣቢ ሽማግሌ በልጁ ተቈጥቶ እንደ ሆነ ወይም ኰርቶበት እንደ ሆነ ማወቅ ደስ ባለን ነበር።

በ1505 ዓ.ም. ቶማስ ጄን ኮልት የተባለችውን የአንድ የገጠር ባለ ርስት ልጅ አገባ። መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈው በታናሽ እኅቷ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ታናሺቱ ብትቀድማት ታላቂቱ እንደምታፍር አስቦ ልቡን ወደ ጄን መለሰ። ማርጋሬት፣ ኤልሳቤጥ፣ ሴሲሊና ጆን የተባሉ አራት ልጆች ወለዱ። ጄን በ1511 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ ስትሞት ቶማስ እናት ለሌላቸው ሕፃናት ብሎ ብዙ ሳይቆይ አሊስ የተባለችውን ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ። ቤቱን ትምህርት ቤት አደረገው። ሴቶች ልጆቹ ልክ እንደ ወንዱ ላቲንና ጽርእ ተማሩ፤ ይህ በዚያን ዘመን እጅግ ብርቅ ነበር። ማርጋሬት በ19 ዓመቷ ኤራስመስ በአቡነ ዘበሰማያት ላይ የጻፈውን ማስተንተኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማለች። ወንዱ ልጅ ጆን ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚታወስ ሥራ ሠርቷል፤ ፖርቱጋላዊው ዳሚያኦ ደ ጎይሽ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ስለ ላከችው ስለ መልእክተኛው ማቴዎስ በላቲን ያሳተመውን መጽሐፍ ተርጉሞ በ1533 ዓ.ም. በለንደን አሳትሟል። የአገራችን ስምና እምነት በእንግሊዝኛ እንዲታወቅ ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ከቅዱስ ቶማስ ሞር ቤት ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው በአደባባይ የታወቀ ታሪክ ነው። በ1510 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የዳኝነት ሥራ ተሰጠው፤ በ1518 ዓ.ም. የንጉሡ አማካሪ፣ በ1523 ዓ.ም. የፓርላማ አፈ ጉባኤ፣ በ1529 ዓ.ም. ደግሞ ጌታው ሞርተን ተቀምጠውበት በነበረው ወንበር ላይ ቻንስለር ሆነ። በዚህ ሥልጣኑ መናፍቃን በተባሉት ላይ ያሳየው ጥብቅነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1532 ዓ.ም. ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ፤ በ1534 ዓ.ም. መሐላውን እምቢ ብሎ በለንደን ግንብ ታሰረ።

በሜይ 4 ቀን 1535 ዓ.ም. ልጁ ማርጋሬት ልትጠይቀው መጥታ በመስኮቱ አጠገብ ሳሉ፣ የቻርተርሃውሱ አበምኔት ጆን ሆውተን ከሌሎች ሁለት የካርቱዝያውያን አበምኔቶችና ከባልንጀሮቻቸው ጋር ለሞት ሲወሰዱ አየ። እነርሱም መሐላውን እምቢ ያሉ ነበሩ። ሰዎቹ ወደ ሰርግ እንደሚሄዱ ሙሽሮች ደስ ብሏቸው እንደሚሄዱ ለልጁ አሳያት፤ እነርሱ ዘመናቸውን በጾምና በጸሎት ስላሳለፉ እግዚአብሔር ፈጥኖ እንደ ጠራቸው፣ አባቷ ግን በዓለም ምቾት ስለ ኖረ ገና በዚህ እንዲቆይ እንደ ተወው ነገራት። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጁላይ 5 ቀን፣ ያንን የጠጉር ማቅ ጠቅልሎ በከሰል ከጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤው ጋር ለማርጋሬት ላከላት፤ በማግስቱም ተገደለ።